የእትየ ውባለም ፈትል ያለቀበት

ባለፈው ግንቦት ጉድጓዴን ደፈንሁት። ሸማኔ ከሥራ የሚሰናበተው እንዲህ ነው፤ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ በጭብጨባ የሚሸኘው መሥሪያ ቤት የለም። ዕድሜ ልኬን እግሬን ከትቼ የሸመንሁበትን ጉድጓድ ልጄ አፈር በጋሪ አምጥቶ ሞላልኝ፤ ረገጥ ረገጥ አደረገውና የሩዝ ጆንያ ደረደረበት። «አባባ፣ ቤቱ እኮ ሰፋ!» አለኝ ደስ ብሎት። እውነቱን ነው፣ ሰፍቷል። እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ጉድጓዱ ያለ ይመስለኛል፤ ዞሬ ነው የማልፈው።

ቀድሞ የከዳኝ ጉልበቴ ነው። ከጉድጓዱ ለመውጣት ሰው መጥራት ስጀምር ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝ። ዓይኔም ብዙ አልቆየ፤ ነጭ ድር ላይ ነጭ ማግ መለየት አቃተው። እጄ ግን ደኅና ነው። እንዲያውም አውራ ጣቴ ከድሮው የባሰ ነገረኛ ሆኗል፤ ሰው ሲጨብጠኝ እጅጌውን ሳልዳስስ አልለቀውም። ሚስቴ በዚህ ታፍራለች።

የተወለድሁት ይፋግ አጠገብ ከአራሽ ቤት ነው። ሦስተኛ ወንድ ልጅ ነበርሁ፤ መሬቱ ለሁለቱ ታላላቆቼም አልበቃ። እናቴ አንድ የገበያ ቀን በግና እኔን ይዛ ይፋግ ወጣች፤ በጉን ሸጠች፣ እኔን አያ ተገኘ ለሚባሉ ሸማኔ ሰጥታ ተመለሰች። በጉ ዋጋ አወጣ፣ እኔ በነጻ ሄድሁ እያልሁ ስቀልድባት ኖሬያለሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። በእኛ አገር ያን ጊዜ ሸማው ይወደዳል እንጅ ሸማኔው አይወደድም፤ ባለ እጅ ነው እየተባለ ልጅ ይከለከላል። «የአራሽ ልጅ ጉድጓድ የሚገባው ሲሞት ነው» ብሎ ብዙ ጊዜ አኮረፈኝ። የመጀመሪያ ጋቢዬን ስሰጠው ወዲያው ለበሰው፤ ማናገሩን ግን ቆየት ብሎ ነው የጀመረ።

አያ ተገኘ ከሲታ፣ ቁጡ፣ ግን ተጫዋች ሰው ነበሩ። እጃቸውን በእንዶድ ሳይታጠቡ የሰው ክር አይነኩም። ያን ጊዜ ሴቱ ጥጡን ራሱ ዳምጦ፣ ራሱ አባዝቶ፣ ራሱ ፈትሎ ነው ልቃቂቱን ይዞ የሚመጣው፤ ሸማኔ የሚሸምነው የየቤቱን ክር ነበር። አያ ተገኘ የልቃቂቱን ጫፍ ፈልገው ያወጡና ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሽከረክሩታል። ከዚያ ይፈርዳሉ። «ይህች ሴት ምራት ገብታባታለች፤ ክሩ ይቆጣል» ይላሉ። እውነት ሆኖ ሲገኝ ዝም ነው። ሳይሆን ሲቀር «እንግዲያው በቅርቡ ትገባባታለች» ይላሉ።

ለቀልድ የማይሰጡት ሁለት ነገር ነበራቸው። የአንዷን ቤት ማግ ከሌላዋ ቤት ማግ ጋር አያደባልቁም፤ ጋቢው ሲያልቅ የተረፈችውን ክር፣ ጣት የማትሞላ ብትሆን እንኳ፣ ጠቅልለው ከጋቢው ጋር ይመልሳሉ። ደግሞም ማጉ፣ አግዳሚው ክር፣ በሙሉ ተፈትሎ ካልመጣ ድር አያደሩም፤ ቋሚውን ክር የሽመና ዕቃው ላይ አይዘረጉም ማለት ነው። «ማግ ሲያልቅ ሸማ አለቀ» ይሉኛል። «ከሌላ አምጥተህ እንዳታስረዝም። ሰው ያለውን ያህል ነው የሚለብስ።» እኔ ይህን ሁሉ የሽማግሌ ነዝናዛነት አድርጌ ነበር የማየው።

ምክንያቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው። አንድ ቀን አንድ ልቃቂት አቀበሉኝና «ምን አለው?» አሉኝ። ቀጭን፣ እኩል፣ የሚያምር ክር ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ልማዴ ሳሽከረክረው ግን በመክረር ፈንታ ጣቴ ውስጥ ተፈታ። ወደ ሌላው በኩል ስሞክረው ከረረ።

«ይሄ ወደ ግራ ነው የከረረ» አልሁ።

«እደግ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሴትዮዋ ግራኝ ናት። እንዝርቱን በግራ እጇ ነው የምታሾር፤ ልጅ ሳለች በዚህች እጇ ብዙ ተገርፋለች። የግራ ክር ለብቻው ሲሠራ እንከን የለውም፤ የእሷ ጋቢ እንዲያውም ከሁሉም ያምራል። ከቀኝ ክር ጋር አንድ ሸማ ላይ ከዋለ ግን፣ ተወጥሮ ሳለ ምንም አይልህም፣ ውኃ ሲነካው ይኮማተራል።» ልቃቂቱን ከእጄ ወሰዱና «ሸማኔ የሰው ጓዳ ያያል፤ አይቶ ዝም ይላል» አሉኝ።

ሴትዮዋ እትየ ውባለም ይባሉ ነበር፤ የወረታ ዳር ሰው፣ የቄስ ልጅ፣ ባላቸው የሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ ሸማ ላደርስ ወደ ሰፈራቸው ስላክ ልብ ብዬ አየኋቸው። ጎረቤቶች በበጋ አንድ ጥላ ሥር ተሰብስበው ሲፈትሉ እሳቸው ጥጥ ያባዝታሉ እንጅ እንዝርት አይዙም። «እኔ ስፈትል ጨዋታ አልወድ» ይላሉ። ማታ በር ዘግተው ነው የሚፈትሉ። በአገሩ ከሳቸው የተሻለ ፈታይ አልነበረም፤ ሲፈትሉ ያየም አልነበረም።

ከአያ ተገኘ ዘንድ ወጥቼ ወረታ በሸማኔዎች ማኅበር ገባሁ። ሊቀ መንበራችን ሸማኔ አልነበረም፤ ስብሰባ ግን ያውቅበታል። ክሩ ከፋብሪካ በጥቅል ይመጣል፣ ማን እንደፈተለው አይታወቅም፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥለት እንሠራለን። አንድ ጊዜ ጥለቱን ትንሽ አስፍቼ ብሠራ «ጓድ ምትኩ የግል ዝንባሌ ይታይበታል» ብሎ በጉባኤ ፊት አስቆመኝ። ደመወዙ ከወር ወር ያደርስ ነበር፤ የሥራው ጣዕም ነው ያላደረሰኝ። ማኅበሩ ሲበተን ጥቂት ጊዜ ሐሙሲት ከተማ ለነጋዴ ሠራሁ፤ እዚያ ደግሞ የሚፈለገው መፍጠን ብቻ ነው። በመጨረሻ ወረታ ዳር ጎጆ ቀልሼ የራሴን ጉድጓድ ቆፈርሁ። የፎገራ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ከሥሩ ውኃ ያወጣል፤ የርብ ወንዝ ሲሞላ ድሩን ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ሰቅዬ እስከ መስቀል እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። አያ ተገኘ አርፈው ስለነበር ደንበኞቻቸው ወደ እኔ መጡ። እትየ ውባለምም መጡ።

እትየ ውባለም አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ መላኩ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። በኅዳር ልቃቂታቸውን በእንቅብ ይዘው ደጄ ደረሱ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ደረታቸውን የያዛቸው ሕመም ከከረመ ቆይቷል። እንቅቡን አየሁት። ለድሩ ይበቃ ይሆናል፤ ከማጉ ግን ግማሹን እንኳ አይሞላም።

«እትየ፣ ይህ አይበቃም» አልሁ።

«አውቃለሁ። አንተ ጀምረው፤ እኔ እየፈተልሁ እልካለሁ።»

«ማጉ ሳይሞላ ድር...»

«የተገኘን ሕግ ለእኔ አትንገረኝ» አሉኝ። «ልጄን ጋቢ ለብሶ ልየው ብዬ ነው። ባላየውም ከእኔ እጅ የወጣ እንዲለብስ ነው። ልጠብቅ ብል አልደርስም፣ ምትኩ።» ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና «እጄን ደግሞ ታውቃለህ። ሙሽራው የግራ ፈትል ለበሰ እንዳታሰኝብኝ» አሉ።

«ከእኔ አይወጣም» አልኋቸው። ድሩን በማግስቱ አደራሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ሸምኜ አላውቅም። ከሐሙሲት የለመድሁትን ፍጥነት ጣልሁት። ጥቂት ሸምኜ እወጣለሁ፤ ግቢ እጠርጋለሁ፣ አጥር አጠብቃለሁ፣ ሚስቴ «ዛሬ ምን ነካህ?» እስክትለኝ እንጎራደዳለሁ። መላኩ አዲስ ልቃቂት ይዞ ሲመጣ ጉድጓድ እገባለሁ። ማጉ አለቀ ብዬ ብልክባቸው ሕመማቸው ላይ ጥድፊያ ይጨመርባቸዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ እንዲተርፍ አድርጌ ነበር የምሠራው። ልጁ «እማየ የት ደረሰ ብለህ ጠይቀው ብላኛለች» ይለኛል። «ገና ነው፤ ምትኩ ሰንፏል በላቸው» እላለሁ። ይኸን ሲሰሙ ይስቁ ነበር አሉ።

አውራ ጣቴን ግን ማታለል አልቻልሁም። በመጀመሪያ ክሩ እንደ ወትሮው ቀጭንና እኩል ነበር። ቆይቶ እየላላ፣ እዚህም እዚያም እየወፈረ መጣ። የመጨረሻው ልቃቂት እብጥ እብጥ ያለ ነበር፤ እጃቸው እንዝርቱን አሹሮ የማይጨርስ ሆኗል፣ ትንሽ ፈትለው ያርፋሉ፣ ደግሞ ትንሽ ይፈትላሉ። ክሩ ላይ ያረፉበት ሁሉ ይታወቃል። ያንን እየሸመንሁ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ ልቃቂት አልመጣም።

ለቅሶው ላይ ስቀመጥ ጋቢው ዕቃው ላይ እንደተወጠረ ነበር። የጎደለው አንድ ክንድ ያህል ነው። ሠርጉ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ተላለፈ።

ብዙ ሳይቆይ ጎረቤታቸው እትየ ባንቹ ሌሎቹን ሴቶች አስከትለው መጡ። እያንዳንዷ ልቃቂት ይዛለች። «የውባለም ነገር ሜዳ ላይ አይቀርም» አሉኝ። «ከየቤታችን አዋጥተናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?»

ምን ልበል? እምቢ ብል ለምን ይሉኛል። ለምኑ ደግሞ የሟች ምስጢር ነው። የአያ ተገኘ ሕግ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፤ ማግ ሲያልቅ ሸማ አለቀ። ያጠረውን ጋቢ እንዳለ ላስረክብ ብል፣ ሙሽራው አጭር ጋቢ ለብሶ ሲሳቅበት ታየኝ። «እሽ፣ አስቀምጡት» አልሁ። ሲሄዱ ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ ዳሰስኋቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ እንኳ ግራኝ ብትሆን ብዬ። ሁሉም ቀኞች ነበሩ። የጎደለውን ክንድ በእነሱው ክር ሸምኜ ሞላሁት።

ጋቢው ከዕቃው ሲወርድ አማረ። ሲታጠፍ ያ የመጨረሻው ክንድ ከግርጌው ጠርዝ ላይ ዋለ። መላኩ ተሞሽሮ ለበሰው፤ እትየ ባንቹ እያለቀሱ እልል አሉ። እልልታውን ስሰማ አያ ተገኘ ተሳስተው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከሠርጉ በኋላ ጋቢው ታጠበ።

ግርጌው እንደ ሽማግሌ ግንባር ተኮማተረ። ላዩ ጥርት ያለ፣ ግርጌው የተጨማደደ። እትየ ባንቹ ይዘውት ደጄ መጡ፤ በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

«ምትኩ፣ እኛ የሰጠንህ ክር ይሄ ነው? የእኛን ለገበያ ሠርተህ ለሙት ልጅ የፋብሪካ ጥራጊ አስገባህበት?»

መላኩ ከኋላቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብናገር ይበቃኝ ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ የታየኝ ግን እትየ ውባለም ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው መኖሩን ሲያዩ ነው። «የእጄ ጉድለት ነው» አልሁ።

ምትኩ ክር ይቀይራል ተባለ። ለሸማኔ ከዚህ የከፋ ስም የለም። ልቃቂት ይዘው የሚመጡት ሴቶች አንዳንዶቹ ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ይውሉ ጀመር፤ ክራቸውን ከዓይናቸው ላለማራቅ ነው። እኔ ደግሞ ኩራት አለብኝ፤ ተቆጥቼ እመልሳቸዋለሁ። እንዲህ እየሆነ ደንበኛዬ ሳሳ።

ጊዜ ቢሰጠኝ ስሜን እጠግነው ነበር። ጊዜው ግን ራሱ ተለወጠ። ሜዳውን ሩዝ ያዘው፤ ሩዙ ሲነሣ ሽንኩርት ይተከላል፣ ሽንኩርቱ ሲነሣ ሌላ ይቀጥላል። ሴቶች የሚፈትሉባት ሥራ ፈት በጋ ጠፋች። ማንንም አልወቅስም፤ ሩዝ ልጅ አስተምሯል፣ ቆርቆሮ ቤት አሠርቷል፣ የእኔንም ቤት ጭምር። እንዝርት ግን ከየቤቱ ወጣ። ድሩም ማጉም ከሱቅ ሆነ። ጥለት የታተመበት ልብስ በጭነት መኪና እየመጣ በመንገዱ ዳር ይዘረገፋል፤ ርካሽ ነው፣ ሰው ምን ያድርግ? የሱቁን ክር እየገዛሁ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ሠራሁ። ጣቴ ክሩን ሲዳስስ ግን ማንንም አያገኝም፤ የተናደደች የለችም፣ ያዘነች የለችም፣ ምራት የገባችባትም የለችም። አያ ተገኘ ቢኖሩ ምን ብለው ይፈርዱ ነበር እላለሁ።

መላኩ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ከወረታ መናኸሪያ እስከ ደብረ ታቦር መገንጠያ ባጃጅ ይነዳል። ከዚያ ነገር ወዲህ ሰላምታችን አጭር ነበር። ጉድጓዴን ከደፈንሁ በኋላ አንድ ከሰዓት ባጃጁን ደጄ አቁሞ ገባ። ጋቢውን በፌስታል ይዟል።

«አያ ምትኩ፣ እንደምን ዋሉ? ሥራ እንዳቆሙ ሰምቻለሁ። ይህችን ብቻ ይሥሩልኝ፤ ግርጌው ተተርትሯል፣ ዘርፉን ቋጥረው ይስጡኝ። ሴት ልጄን ልድር ነው፤ ይህን ለብሼ ነው የምመርቃት።»

ተቀብዬ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። አርጅቷል፣ ግን ልስላሴው ገና ነው። አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ ግርጌው ሄደ፣ የተኮማተረውን ፍለጋ። የለም።

«መላኩ፣ ይሄ ምን ሆኖ አጠረ?»

«አስቆረጥሁት እኮ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ያንን የተኮማተረውን አስወገድሁት። ጠርዙ እኩል እንዲሆን ብሎ ከደኅናውም ትንሽ ጨመረበት። ስንት ዘመን ወደ ውስጥ እያጠፍሁ ስደብቀው ኖርሁ፤ በልጄ ሠርግ እንኳ ልፈር?»

ጣቴን እንደገና ሰደድሁት። ክሩ ሁሉ ወደ ግራ የከረረ፣ ቀጭን፣ እኩል ነው። እብጥ እብጥ ያለው፣ እያረፉ የፈተሉት፣ ያለቀስሁበት የለም።

ያን ጊዜ ነገርሁት። እትየ ባንቹ ሞተዋል፤ በግራ ፈትል የሚስቅ ሰው ቀርቶ ፈትል የሚያውቅም አልቀረም። የእናቱን እጅ፣ ሴቶቹ ያዋጡትን ክር፣ ሁለቱ ክሮች ለምን እንደተጣሉ፣ እኔ ለምን የእጄ ጉድለት ነው እንዳልሁ፣ ሁሉንም። ፊቱ ሲለዋወጥ በደብዛዛው አየሁት።

«ግራኝ መሆኗንማ አውቃለሁ!» አለኝ። «ቤት ውስጥ ከማን ትደብቀዋለች? በዚያች እጇ አይደል እያጎረሰች ያሳደገችኝ?» የጋቢውን የተቆረጠ ጠርዝ ያዘ። «ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ ቢነግሩኝስ ኖሮ?»

ያን ሁሉ ዘመን ምስጢሩን ጠበቅሁ ስል ቀድሞ ከሚያውቀው ሰው ነው የደበቅሁት። አደራ የበላሁ እንዳይመስለኝ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬ የእናቱን የመጨረሻ ፈትል አስቆረጠው። ከሥራዬ ዘመን ሁሉ አንድ ቀን መልሰህ ኑር ብባል እትየ ባንቹ ደጄ የቆሙባትን ቀን ነው የምመርጥ። መላኩን በክንዱ ይዤ ወደ ጓዳ አስገባው ነበር።

«ቁራጩስ?» አልሁት። «ጣልኸው?»

ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ጥቁር ጨርቅ ይዟል። «የባጃጁን መስታወት እወለውልበታለሁ» አለና ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

ዘይት ጠጥቷል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ባልጨፍንም ያው ነው። ከተኮማተረው ጀመርሁ፤ እትየ ባንቹና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ወደ ላይ ስሄድ ክሩ ጣቴ ሥር ዞረ። እብጥ አለ፤ ላላ፤ ደግሞ እብጥ አለ።

«ይገጠማል?» አለኝ።

«አይገጠምም ልጄ። ጉድጓዱ ተደፍኗል። ባይደፈንስ በማን ክር?»

«የእሷ የትኛው ነው ታዲያ?»

አውራ ጣቱን ይዤ መስመሩ ላይ አስቀመጥሁለት። «እስከዚህ ድረስ እናትህ» አልሁት። «ከዚህ ወዲያ እኛ።»

ደጅ፣ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ መንገደኛ «ሹፌር! አንሄድም እንዴ?» እያለ ይጣራል። መላኩ ጣቱን አላነሣም።